የ2 ዶላር ጎመን፦ ሦስት ወር ከአረንጓዴ ዱቄት ጋር

ከበርበሬው ጣሳና ከሽሮው ዕቃ መካከል ላለፉት ሦስት ወራት ከደረቁ ቅጠላ ቅጠሎችና ከቫይታሚን የተዘጋጀ፣ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት የያዘ አንድ አረንጓዴ ከረጢት ቆሞ ሰንብቷል። በላዩ ላይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ኃይል ይጨምራል፣ አንጀትን ያስተካክላል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ይደግፋል፣ የቀኑን አትክልት በአንድ ማንኪያ ይሰጣል ይላል። እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ይህን መሰል ዱቄት የማይጠጣ ወይም ሊጀምር የማያስብ ሐበሻ ማግኘት እየከበደ መጥቷል። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ ከአዲስ አበባም በስልክ «እውነት ይሠራል ወይ? ለእማዬ ብትልክላት ምን ይመስልሃል?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ስለዚህ ገዝቼ፣ መዝኜ፣ ጠጥቼ፣ ከመጀመሬ በፊትና ከጨረስኩ በኋላ ደሜን አስመርምሬ መልስ ለመስጠት ወሰንኩ። የኩባንያውን ስም አልጠቅስም፤ የምለው ነገር አብዛኛው እዚያው መደርደሪያ ላይ አብረውት የተደረደሩትንም ስለሚመለከት ስሙ የሚጨምረው ነገር የለም።

ዋጋውን ላስቀድም። እኔ የገዛሁት ከረጢት 30 ቀን የሚያገለግል ሲሆን በወር 60 ዶላር፣ ማለትም በቀን 2 ዶላር ያስወጣል። በዚህ ገበያ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ኤጂ1 የተባለው ምርት እ.ኤ.አ. በ2024 በየወሩ እንዲላክለት ለተመዘገበ ሰው 79 ዶላር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚገዛ ደግሞ 99 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በብዙ የሚረክሱም አሉ። የእኔም ሻጮች ላልተመዘገበ ሰው ዋጋውን ከፍ ስለሚያደርጉ ተመዘገብኩ። ለማቋረጥ ስሞክር ግን አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሲመራኝ፣ ቅናሽ ሲቀርብልኝና ምክንያቴን ስጠየቅ ቆየሁ፤ ካቋረጥኩ በኋላም አንድ ተጨማሪ ከረጢት ደጄ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ገንዘቤ የተመለሰልኝ ከሁለት ሳምንት ጭቅጭቅ በኋላ ነው።

ስለ ጣዕሙ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ በበሶ እመልስለታለሁ። በሶ በጥብጦ የሚያውቅ ሰው ዱቄትን በአንድ ጊዜ ውኃ ላይ መገልበጥ ምን እንደሚያመጣ አይጠፋውም፤ ይህም ያው ነው፤ ይጓጉላል፣ ጉብ ጉብ ያለውም አፍ ውስጥ ሲፈርጥ ደረቅ ዱቄት ምላስ ላይ ይበተናል። በጥቂት ውኃ አሽቶ ቀስ በቀስ ማቅጠን ይሻላል። ሽታው ዝናብ የነካው ድርቆሽ ይመስላል። ጣዕሙ ሲጀምር አናናስ አናናስ ይላል፤ ቀጥሎ ስቴቪያ ከተባለው የቅጠል ማጣፈጫ የመጣ፣ ከስኳር የተለየ ጣፋጭነት ጉሮሮ ላይ ይዘገያል፤ ሣርነቱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለመድኩት፤ የስቴቪያውን ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልወደድኩትም። ብርጭቆው ወዲያው ካልታጠበ ደግሞ ጠርዙ ላይ የሚደርቀውን አረንጓዴ ቀለበት ሙቅ ውኃ እንኳ በቀላሉ አያስለቅቀውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከረጢቱ ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ማንኪያ ተሞልታ ስትመዘን 10 ግራም ትይዛለች። መለያው እንደሚለው ከዚህ ውስጥ «የአረንጓዴ ቅይጥ» የሚባለው 5,200 ሚሊግራም፣ ማለትም 5.2 ግራም ነው፤ የቀረው ኢኑሊን የተባለ ፋይበር፣ የአናናስ ጣዕም፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ስቴቪያና በፋብሪካ የተዘጋጁ ቫይታሚኖች ናቸው። ትኩስ ጎመን ከ10 እጁ 9ኙ ውኃ ነው፤ ስለዚህ 5.2 ግራም የደረቀ ቅጠል ማለት በግርድፉ 52 ግራም ትኩስ ቅጠል ማለት ነው። ቅዳሜ ዕለት ከገዛነው እስር ጎመን ላይ ግንዱን አውጥቼ 52 ግራም መዘንኩ፤ ሦስት ቅጠል እንኳ አልሞላም። ባለቤቴ ለብቻው በትንሽ ድስት በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አበስላ በእንጀራ ስትጠቀልለው ሁለት ጉርሻ ሆነ። የቀኑ አትክልት በአንድ ማንኪያ የተባለው ይህ ነው። ጉርሻው ደግሞ የእኛ ጉርሻ ነው፤ ትንሽ አልነበረም፣ ቢሆንም ሁለት ነው።

ቅይጡ ውስጥ የተዘረዘሩት ነገሮች 24 ናቸው። እያንዳንዳቸው ስንት እንደሆኑ አልተጻፈም፤ የተጻፈው ድምራቸው ብቻ ነው፤ ይህም በአሜሪካ ሕግ የተፈቀደ ነው። ሕጉ የሚያስገድደው በቅይጡ ውስጥ ያሉት ነገሮች ከክብደታቸው ቅደም ተከተል አንጻር፣ ከሚበዛው ወደሚያንሰው እንዲጻፉ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ማንበብ የቻለ ሰው ብዙ ነገር ይገባዋል። በእኔ ከረጢት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የስንዴ ቡቃያ፣ የገብስ ቡቃያና ለከብት መኖ የሚዘራው አልፋልፋ ናቸው፤ በፊት ለፊቱ ሥዕል ላይ ደምቀው የሚታዩት ስፒሩሊና (ውኃ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ደቂቅ ፍጡር)፣ ብሉቤሪና የአረንጓዴ ሻይ ቅጠል ግን ወደ ታች ወርደው ተቀምጠዋል። 24ቱ እኩል ቢከፋፈሉ እንኳ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 217 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ እኩል ስላልሆኑ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያሉት የደረሳቸው ለስም ያህል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ብሉቤሪ በ50 ሚሊግራም ምን እንደሚሠራ ለኔ ግልጽ አይደለም። አልፋልፋን በተመለከተ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ ወተት ላም የሚያረባው አጎቴ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል ስለማውቅ አልነገርኩትም።

ከቅይጡ ውጭ የቫይታሚኖቹ ሰንጠረዥ አለ፤ ቁጥሮቹም ትልልቅ ናቸው፤ ቫይታሚን ሲና የቢ ዓይነቶቹ ከዕለት ፍላጎት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊል ይገባል፤ እነዚህ ከቅጠሉ የተገኙ ሳይሆኑ በተለይ የተጨመሩ ናቸው። ይህ ማለት ምርቱ በዋናነት መልቲቫይታሚን ነው፣ አረንጓዴው ደግሞ ቀለሙና ታሪኩ ነው። መልቲቫይታሚን መውሰድ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ፋርማሲ ውስጥ በቀን በጥቂት ሳንቲም የሚገኘውን በ2 ዶላር መግዛት አስፈላጊ መሆኑ አልታየኝም። የመልቲቫይታሚኑም ጥቅም ቢሆን የተጋነነ ነው፤ የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ጤነኛ ጎልማሶች የልብ በሽታንና ካንሰርን ለመከላከል ብለው መልቲቫይታሚን ቢወስዱ ጥቅሙ ከጉዳቱ መብለጥ አለመብለጡን ለመፍረድ የሚበቃ ማስረጃ አላገኘም።

ከጎመኑ ጋር ሲነጻጸር በግልጽ የጎደለው ፋይበር ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ኮላርድ 7 ግራም ተኩል ገደማ ፋይበርና ከ250 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ይሰጣል፤ የእኔ ከረጢት በአንድ ማንኪያ 2 ግራም ፋይበር ብቻ ነው ያለው፤ እርሱም ከኢኑሊኑ የመጣ ነው። (በነገራችን ላይ እዚህ አገር ጎመን ብለን የምንሠራው ኮላርድ የአገራችን ጎመን አይደለም፤ የሐበሻ ጎመን የሰናፍጭ ዘመድ ነው፤ ለዚህ ነው የእናቶቻችን ጎመን ያን ያህል አፍንጫ ድረስ የሚወጣ ሽታ የነበረው።) ጎመን ሲበላ ይታኘካል፣ ዘይት ይዟል፣ ከምስርና ከእንጀራ ጋር ይሄዳል፤ በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ወደ ሰውነት የሚገባው ደግሞ ስብ ሲያገኝ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ የተበጠበጠ ዱቄት ይህን አያገኝም።

ማስረጃ የለውም ወይ? ጥቂት አለ፤ የጥቂቱንም ዓይነት ማየት ተገቢ ነው። ኤጂ1 ራሱ ገንዘቡን የሸፈነው አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል፤ የተሳተፉት 30 ጤነኛ ጎልማሶች ሲሆኑ የቆየውም 4 ሳምንት ነው፤ ግማሾቹ ዱቄቱን፣ ግማሾቹ ደግሞ ዱቄት መሳይ ባዶ ነገር ወስደዋል። ዱቄቱን በወሰዱት ሰዎች አንጀት ውስጥ ከበዙት ባክቴሪያዎች ሁለቱ፣ ዱቄቱ ውስጥ ራሱ የተጨመሩት የባክቴሪያ ዓይነቶች ናቸው። ይህ ባክቴሪያዎቹ አንጀት መድረሳቸውን ያሳያል፤ ሰውየው በዚህ ምክንያት ጤነኛ መሆኑን ግን አያሳይም። ጥናቱን ለማጣጣል አይደለም፤ ምንም ያላስጠኑት ይበዛሉና ማስጠናታቸው ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም 30 ሰው በ4 ሳምንት የሰጠውን ውጤት ይዞ «ሕይወቴን ቀየረው» ማለት አይቻልም። የባክቴሪያ ነገር ከተነሳ አይቀር፣ እንጀራም በእርሾ ስለሚቦካ ያው ጥቅም አለው የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ባክቴሪያውን የሚገድለውን የምጣድ ሙቀት ዘንግተውት ነው። እርጎ ቢሉ ይሻላል።

በእኔ ላይ የሆነውን ልናገር። በመጀመሪያው ሳምንት ሆዴ ተነፋ፤ ኢኑሊን ላልለመደው ሰው ይህን ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሆዴ ተስተካከለ፤ ጠዋት ጠዋትም ንቁ እንደሆንኩ ተሰማኝ፤ በዚህም ደስ ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን አንድ ነገር ሞከርኩ፤ ለ10 ቀን ዱቄቱን ትቼ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብርጭቆ፣ ያንኑ ያህል ውኃ ብቻ ጠጣሁ። ንቃቱ አልቀነሰም። ለካ ለዓመታት ከቤት የምወጣው ውኃ ሳልቀምስ፣ ቡና ብቻ ጠጥቼ ኖሯል። የደም ምርመራው ውጤትም አላጽናናኝም፤ ከመጀመሬ በፊት ዝቅ ብሎ የተገኘው ቫይታሚን ዲ ከሦስት ወር በኋላም እዚያው ዝቅ እንዳለ ነበር። ከረጢቱን መልሼ ሳየው ቫይታሚን ዲ ጭራሽ የለበትም። ፀሐይ በሚያንስበት አገር ለሚኖር ጥቁር ቆዳ ላለው ሰው በብዛት የሚጎድለው አንዱ ነገር ከ24ቱ ቅጠላ ቅጠልና ከሁሉም ቫይታሚን መካከል የቀረው መሆኑ አስገርሞኛል። ሐኪሜ ያዘዘችልኝ የዲ እንክብል ለዓመት የሚበቃው የአንድ ሳምንት የዱቄት ዋጋ አላወጣም።

ለጿሚ አንባቢ ደግሞ ለብቻው የምለው አለ። በሥርዓታችን የጾም ቀን ለምእመኑ እንኳ በዓመት ከ180 ቀን አያንስም፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ የሚያጎድለው ዋናው ነገር ቫይታሚን ቢ12 ነው። ስፒሩሊና የቢ12 ምንጭ ነው እየተባለ ሲሸጥ የምናየውም ለዚህ ነው። ስፒሩሊና ውስጥ ያለው አብዛኛው ግን ቢ12 መሰል የሆነ፣ ሰውነታችን የማይጠቀምበት ዓይነት ነው። መሰሉ ነገር በምርመራ መሣሪያ ላይ እንደ ቢ12 ሊቆጠር ስለሚችል በመለያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ራሱ ሊያታልል ይችላል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በፋብሪካ የተዘጋጀ ቢ12 በርካሽ እንክብል ይገኛል። በተለይ ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን የሚወስዱ ጿሚዎች፣ መድኃኒቱ ራሱ ቢ12ን ስለሚቀንስ፣ በአረንጓዴ ዱቄት ተማምነው ምርመራውን መተው የለባቸውም።

ስፒሩሊናን ካነሳን፣ ለእኛ እንግዳ ነገር አለመሆኑን መናገር እወዳለሁ። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘበት ቀለም፣ ሻላ አጠገብ ያለው ጭቱ ሐይቅም ቀለሙ፣ በብዛት ከዚሁ ፍጡር የመጣ ነው፤ ፍላሚንጎዎች ጭቱ ላይ የሚሰበሰቡት እርሱን ለመብላት ነው። በቻድ ሐይቅ አካባቢ ያሉ ሴቶችም ከጥንት ጀምሮ ከውኃው ላይ እየሰበሰቡ፣ አሸዋ ላይ እያደረቁ፣ «ዲሄ» ብለው ለወጥ ይጠቀሙበታል። ከዚህ ተነስቶ ጀሪካን ይዞ ወደ ሐይቅ የሚወርድ እንዳይኖር ደግሞ፣ በተፈጥሮ ሐይቅ ውስጥ ጉበት የሚመርዙ ሌሎች ዝርያዎች አብረው ሊበቅሉ እንደሚችሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮቲኑስ? ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን 3 ግራም የምትይዝ የሻይ ማንኪያ 2 ግራም ፕሮቲን እንኳ አትሞላም፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ይሰጣል፤ በጾም ደግሞ ሽሮ አለ።

እስካሁን ያልኩት ገንዘብን የሚመለከት ነው። ቀጥሎ የማወራው ግን ከገንዘብ ይከብዳል። እትዬ ብዬ የምጠራት የእናቴ እኅት 71 ዓመቷ ነው፤ የልብ ምቷ ስለሚዛባ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ደሟ በየወሩ ይመረመራል፤ አይኤንአር የሚባለው፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥሯ ከ2 እስከ 3 መሆን ሲኖርበት ለሁለት ዓመት በ2.4 አካባቢ ጸንቶ ቆይቷል። በሁለተኛው ወር ላይ ወደ ክሊኒኩ ስወስዳት ቁጥሩ 1.5 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ መድኃኒት ረስታ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ አልረሳሁም አለች። አዲስ መድኃኒት ጀምራ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ አልጀመርኩም አለች። እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። «እትዬ፣ ምግብሽ ላይ የተለወጠ ነገር አለ?» ስላት ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «ኧረ ምንም የለም ልጄ፤ ያንተን በሶ ነው እንጂ የምጠጣው» አለችኝ።

የእኔን በሶ! ለሦስት ሳምንት ያህል እኔ ሥራ ስሄድ ከከረጢቱ እየቆነጠረች፣ በኋላም በሾርባ ማንኪያ እየዛቀች ትጠጣ ነበር፤ ከረጢቱ ቶሎ ያለቀብኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ይዟል፤ ዋርፋሪን የሚሠራው ደግሞ ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው፤ በድንገት ቫይታሚን ኬ ሲጨምር የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል፣ ደም የመርጋት አደጋም ይከተላል። መለያውን አገላብጬ ቫይታሚን ኬ የሚል ቃል ፈለግሁ፤ የለም። አምራቹ ራሱ ለይቶ ካልጨመረው ወይም ካላወራለት እንዲጽፈው አይገደድም። በጠርዙ ላይ በደቃቅ ፊደል «መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ» የሚል አለ፤ እትዬ እንግሊዝኛ አታነብም፤ እኔም አላነበብኩላትም። ነርሷ የነገረችን ነገር ጥሩ ነበር፤ ጎመን አትብዪ አላለቻትም፤ የምትበዪውን ያህል በየሳምንቱ ሳታበዢና ሳትቀንሺ ብዪ፣ መጠኑን የማናውቀውን ዱቄት ግን ተዪ አለቻት። ዱቄቱን ከተወችና መድኃኒቷ ለጥቂት ቀን ከተስተካከለላት በኋላ ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። እናታቸው ወይም አባታቸው ደም ማቅጠኛ እየወሰዱ ዱቄቱን በሻንጣ የሚልኩ ሰዎች ይህችን አንቀጽ ደግመው ቢያነቧት ደስ ይለኛል።

ሌሎቹን አደጋዎች ባጭሩ ልለፋቸው። በብዙዎቹ ዱቄቶች ውስጥ በብዛት የሚጨመረው ባዮቲን የተባለው የቢ ቫይታሚን ዓይነት የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት ሊያሳስት እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቋል። የባሕር ሣር ያለባቸው አዮዲን ስለሚያበዙ እንቅርት ወይም የታይሮይድ ችግር ላለበት ሰው አይሆኑም። ኩላሊቱ ጠጠር የሚያበጅ ሰውም ከስፒናችና ከመሳሰሉት የሚመጣው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ይጎዳዋል። እርሳስን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ከአፈር ወደ ቅጠል ስለሚገቡ፣ ቅጠል ተከማችቶ ዱቄት ሲሆን እነርሱም አብረው ይከማቻሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት እነዚህ ማሟያዎች ገበያ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የመንግሥትን ፈቃድ አይጠብቁም፤ ስለዚህ የግድ ልግዛ የሚል ሰው ቢያንስ ኤን.ኤስ.ኤፍ. ወይም ዩ.ኤስ.ፒ. የተባሉት ገለልተኛ መርማሪዎች ማኅተም ያለበትን ይምረጥ። ማኅተሙ ዱቄቱ ይጠቅማል አይልም፤ ውስጡ ያለው ነገር የተጻፈው መሆኑን ነው የሚመሰክረው።

«ታዲያ የራሳችን ሽፈራው አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሞሪንጋ እየተባለ እዚህም በውድ ይሸጣልና። ለሽፈራው ያለኝ አክብሮት ከዱቄት በፊት የመጣ ነው። ለሥራ አርባ ምንጭና ኮንሶ በተመላለስኩበት ዘመን ዛፉን በየግቢው አይቼዋለሁ፤ ግንዱ ወፍራም፣ ቅርንጫፉ ሰፊ ነው፤ ሌላው አትክልት በድርቅ ሲጠፋ እርሱ ቅጠሉን አያጣም። በጋሞ ሃለኮ ይሉታል። ኮንሶዎች ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት የተድቦለቦለውን ኩርኩፋ ከቅጠሉ ጋር ቀቅለው ይበሉታል፤ አንድ ሰው በአንድ ማዕድ የሚበላው ቅጠል ደግሞ በማንኪያ የሚቆጠር አይደለም። የደቡብ ኢትዮጵያውና የሰሜን ኬንያው ሽፈራው፣ ከሕንድ መጥቶ ዓለምን ካዳረሰው ሞሪንጋ ጋር ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ በየማስታወቂያው የሚጠቀሰው ቁጥርም በአብዛኛው የሕንዱ ነው።

ቁጥሮቹንም እንያቸው። «ከብርቱካን 7 እጥፍ ቫይታሚን ሲ» ይባላል። በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ ላይ 100 ግራም ትኩስ የሞሪንጋ ቅጠል 52 ሚሊግራም ገደማ፣ 100 ግራም ብርቱካን 53 ሚሊግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አላቸው፤ እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ደግሞ ቫይታሚን ሲው አብዛኛው ይጠፋል። «ከወተት 17 እጥፍ ካልሲየም» የሚለው የመጣው 100 ግራም ደረቅ ዱቄትን ከ100 ግራም ወተት ጋር በማነጻጸር ነው። በአንድ ቀን 100 ግራም ዱቄት የሚበላ ሰው አላየሁም። 8 ግራም የምትይዘው አንድ የሾርባ ማንኪያ 160 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ስትሰጥ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል። 17 እጥፉ ወደ ማንኪያ ሲወርድ ግማሽ ሆነ። ግማሽ ግን ትንሽ አይደለም፤ በተለይ በጾም ወራት። ዘመዶቼ ከአርባ ምንጭ የሚልኩልኝን የሽፈራው ዱቄት በዚህ ምክንያት ጎመን ላይና ምስር ላይ እነሰንሳለሁ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሬ ጥቂት እንዲፈላ አደርጋለሁ። ማፍላቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ላይ ከሕንድ የመጣ የሞሪንጋ ቅጠል ዱቄት ከሳልሞኔላ ሕመም መዛመት ጋር ተያይዞ፣ ዱቄቱ የገባባቸው ምርቶች እዚህ አሜሪካ ከገበያ ተሰብስበዋል፤ በጥሬው በቀዝቃዛ ውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት እሳት የማያገኝ መሆኑን ሰው አያስታውስም።

ሽፈራው ስኳር ያወርዳል፣ ግፊት ያወርዳል ብለው የታዘዘላቸውን መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች ግን አውቃለሁ፤ ይህን አልደግፍም። ቅጠሉ የስኳርን መጠን ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል የሚያመለክቱ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ ይህም ቢሆን ከመድኃኒት ጋር ሲደረብ ስኳር ከሚገባው በታች እንዳይወርድ የሚያሳስብ እንጂ መድኃኒት የሚያስተው አይደለም። እርጉዝ ሴቶችም በዱቄት መልክ በብዛት ባይወስዱት ይመረጣል።

እንግዲህ ይግዛ ወይስ አይግዛ ለሚል ሰው የኔ ፍርድ ይህ ነው። ጤነኛ ሆኖ በሳምንት ጥቂት ቀን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ምስር የሚበላ ሰው ይህ ዱቄት የሚጨምርለት ነገር አላየሁም፤ 60 ዶላሩን ለአትክልት ቢያውለው ቤተሰቡ በሙሉ ይበላበታል። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ታክሲና ጭነት መኪና ላይ የሚውል፣ ቅጠል ሳያይ ሳምንት የሚያልፍበት ሰው ከምንም ይሻለኛል ብሎ ርካሹንና ማኅተም ያለበትን ቢገዛ አልቃወምም፤ ይህን ስል ግን አንድ ከረጢት የታጠበና የተከተፈ በረዶ ስፒናች 3 ዶላር እንኳ እንደማይሞላ እያስታወስኩ ነው። ደም ማቅጠኛ፣ የታይሮይድ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ኩላሊቱን የሚታመም፣ ያረገዘች ወይም የምታጠባ ሰው ከረጢቱን ይዞ ፋርማሲስቱ ዘንድ ሳይሄድ አንድ ማንኪያ እንኳ እንዳይጀምር አሳስባለሁ። ለእናቱ ሊልክ ለሚያስበው ወዳጄ በስልክ የመለስኩለት፣ ዱቄቱን ትቶ የቢ12ና የቫይታሚን ዲ ምርመራ የሚደረግበትን ገንዘብ እንዲልክላት ነው።

ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ለስድስት ቀን የሚሆን ነው። እትዬ እንዳይጣል ብላ ከልክላኛለች፤ «እህል ነው፣ አይጣልም» ትላለች፤ እንዳትነካው ብዬ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ሰቅዬዋለሁ። በቦታው የሽፈራው ጣሳና የዲ እንክብሉ ብልቃጥ ተቀምጠዋል። ጠዋት ጠዋት እርሷ እውነተኛውን በሶ ትበጠብጣለች፤ ለእኔም ትተርፈኛለች፤ የእርሷ አይጓጉልም።